የፓርቲ ሊቀመንበርን ማን ይመርጠዋል? ከምርጫ በኋላስ ማን ያወርደዋል?

መስከረም 25 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚህ ሐዋሳ የተካሄደው 11ኛው የኢሕአዴግ (ያን ጊዜ አገሪቱን ይመራ የነበረው የአራት ድርጅቶች ግንባር) ድርጅታዊ ጉባኤ ሲጠናቀቅ፣ ዶ/ር ዐቢይ አሕመድ ከተሰጠው 177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው የግንባሩ ሊቀመንበር ሆነው እንዲቀጥሉ፣ አቶ ደመቀ መኮንን ደግሞ በ149 ድምፅ በምክትል ሊቀመንበርነት እንዲቀጥሉ መመረጣቸው ይፋ ሆነ። ውጤቱን የከተማችን ሰው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሰምቶታል። ነገር ግን ድምፅ የሰጡት 177 ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ለጉባኤው ከየክልሉ ከመጣው ብዙ ሰው መካከልም መምረጥ የቻሉት እነሱ ብቻ የሆኑት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አልነበረም። ጉዳዩ ግን ሊብራራ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን የመንግሥት አወቃቀር የገዢው ፓርቲ ሊቀመንበር ማለት በተግባር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማለት ነው።

ከሕገ መንግሥቱ እንነሳ። አንቀጽ 56 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅት የአስፈጻሚውን አካል እንደሚያደራጅና እንደሚመራ ይደነግጋል። አንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል እንደሚመረጥ ይናገራል። ሁለቱም አንቀጾች ስለ ፓርቲ ሊቀመንበር የሚሉት ነገር የለም። ሊቀመንበሩን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚያሻግረው የፓርቲው ልማድና መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ፓርቲው አብላጫውን ይዟልና ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው የራሱን ሊቀመንበር ይሆናል፣ ምክር ቤቱም ያጸድቃል። ስለዚህ እኛ መራጮች በምርጫ ጣቢያ ተሰልፈን የምንመርጠው የአካባቢያችንን ተወካይ ሲሆን፣ ያ ተወካይ የሚደግፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ማን እንደሚሆን የሚወሰነው በፓርቲው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው።

የዚህ ሰንሰለት አሠራር ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ2010 ዓ.ም. ነው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከግንባሩ ሊቀመንበርነት ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ካስታወቁ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከግንባሩ አራት ድርጅቶች አንዱ የሆነው የኦሮሚያው ኦህዴድ ማዕከላዊ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሊቀመንበሩን አቶ ለማ መገርሳን በዶ/ር ዐቢይ ተካ፤ አቶ ለማም ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። በድርጅቱ ውስጥ ሽንፈትም ሆነ ግልበጣ አልነበረም። አቶ ለማ የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ አባል እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ የግንባሩ ሊቀመንበር ቢሆኑ እንኳ አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ አይፈቅድላቸውም ነበር። ድርጅቱ መሪውን የቀየረው ሕገ መንግሥቱ የጠየቀውን የፓርላማ መቀመጫ ለማሟላት ነው። አንድ መቀመጫ የአገር መሪነትን አቅጣጫ የሚወስንበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው የግንባሩ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ ኦህዴድ፣ የአማራው ብአዴን፣ የደቡቡ ደኢህዴንና የትግራዩ ህወሓት እያንዳንዳቸው 45 ሰው ይልካሉ። ሊቀመንበሩንና ምክትሉን የሚመርጠው ይህ ምክር ቤት ነበር፤ ሐዋሳ ላይ የተቆጠረው 177 ድምፅም የዚሁ ምክር ቤት ድምፅ ነው። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ዶ/ር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶ/ር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ። ድምሩ 169 ነው፤ ከግማሽ በላይ ለማግኘት 85 ድምፅ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ድርጅት ያለው ድምፅ 45 ብቻ ስለሆነ አባላቱ በሙሉ በአንድ ልብ ቢሰለፉ እንኳ ብቻውን ሊቀመንበር ማስመረጥ አይችልም። ሁለት ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ቢስማሙ 90 ድምፅ ይኖራቸዋል፤ ይህ ለማሸነፍ ይበቃል፣ 108 ላይ ግን አያደርስም። ስለዚህ ድምፁ ምስጢራዊ ቢሆንም ሒሳቡ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፦ ቢያንስ 18 ድምፅ ከሁለት ድርጅቶች ውጭ መምጣት ነበረበት። አቶ ደመቀ መኮንን በዚያ ስብሰባ ራሳቸውን ከዕጩነት ማግለላቸው ስሌቱን ምን ያህል እንደቀየረው ከዚህ መገመት ይቻላል። የብዙኃኑ ሕዝብ ድምፅ በማይገባበት አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ እጅግ ውድ ነው።

በዚህ ሁሉ ሒደት ውስጥ ጠቅላላ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ምርጫ ሲያልፍ አሸናፊው ፓርቲ መሪውን ያጸናል፣ ተሸናፊው ደግሞ ይቀይራል ብለን እናስባለን። በኢትዮጵያ የገዢ ፓርቲ ታሪክ ግን የምርጫ ዘመን መቁጠሪያና የሊቀመንበር መቀየሪያ የተገናኙበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የ2002 ዓ.ም. ምርጫ ካለፈ በኋላ 8ኛው የኢሕአዴግ ጉባኤ በመስከረም 2003 ዓ.ም. አዳማ ላይ ተካሄደ፤ አቶ መለስ ዜናዊ ሊቀመንበር ሆነው ቀጠሉ። ለውጥ የታየው ከእሳቸው ሥር ነው፤ ነባሮቹን ደረጃ በደረጃ በአዲስ ትውልድ የመተካቱ ዕቅድ፣ በድርጅቱ ቋንቋ መተካካት የሚባለው፣ እንደ አቶ አዲሱ ለገሰና አቶ ሥዩም መስፍን ያሉትን ነባር አመራሮች ከግንባሩ አመራር አሰናብቶ አቶ ኃይለማርያምን ወደ ምክትል ሊቀመንበርነት አመጣ። ያን ጊዜ የምክትሉ ምርጫ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ዜና ታልፎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አገሪቱን ማን እንደሚመራ የወሰነው እሱ ሆነ።

አቶ መለስ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራውን ተክተው ያዙ፤ አንቀጽ 75 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶ እንደሚሠራ ይላልና። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሞት ሲለይ በስንት ቀን ውስጥ ተተኪ እንደሚሰየም በዝርዝር አላስቀመጠም። ክፍተቱን የሞላው የፓርቲው መዋቅር ነበር። የኢሕአዴግ ምክር ቤት መስከረም 5 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያምን ሊቀመንበር አደረገ፤ መስከረም 11 ቀን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ቅደም ተከተል ሥልጣኑ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያሳያል፤ መጀመሪያ ፓርቲው፣ ከዚያ ፓርላማው።

በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ያዙ። በነሐሴ ወር መቀሌ ላይ የተካሄደው 10ኛው ጉባኤም ያንኑ አመራር አጸና። አንድም መቀመጫ ያላጣ ድርጅት ሊቀመንበሩን ስለ ምርጫ ውጤት የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም። ያን ሊቀመንበር ከሦስት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ መልቀቂያ ያደረሰው በየከተማው የተነሳው ተቃውሞና በድርጅቱ ውስጥ የተፈጠረው መከፋፈል ነበር።

የእኛው የሐዋሳ ታሪክም ከዚህ አይለይም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚህ የነበረው ደኢህዴን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ምንም ዓይነት ምርጫ ሳይካሄድ፣ ሦስት ሊቀመንበሮች አይቷል። አቶ ኃይለማርያም የካቲት 2010 ዓ.ም. ሲለቁ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ ተተኩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ እሳቸውም በፈቃዳቸው ለቀው በጊዜው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል ተመረጡ። ለክልሉ ነዋሪ እነዚህ ለውጦች ከማንኛውም የምርጫ ውጤት ያልተናነሰ ትርጉም ነበራቸው፤ ማን ክልሉን እንደሚያስተዳድርና ማን ወደ ፌዴራል እንደሚሄድ የሚታወቀው በማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ነበርና። የዕድር ሊቀመንበር እንኳ ሲቀየር አባል ሁሉ ተጠርቶ፣ ደንቡ ተነብቦለት፣ እጁን አውጥቶ ይመርጣል፤ የክልል ገዢ ፓርቲ መሪ ሲቀየር ግን የተራው አባል ድርሻ ዜናውን መስማት ብቻ ነበር።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት የመምረጫው መንገድም ተቀየረ። ፓርቲው አንድ ወጥ ስለሆነ የ45 ድምፅ ኮታ ቀረ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው ጉባኤ በዚህ ፓርቲ ፕሬዝዳንት የሚባለውን ሊቀመንበር፣ ይኸውም ዶ/ር ዐቢይን፣ እንዲሁም ሁለቱን ምክትል ፕሬዝዳንቶች አቶ ደመቀ መኮንንንና አቶ አደም ፋራህን መረጠ። የጉባኤተኛው ቁጥር ከቀድሞው ምክር ቤት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ ይህ በወረቀት ላይ ሰፋ ያለ አሠራር ነው። ልብ መባል ያለበት ግን ጉባኤው የተካሄደው ከሰኔ 2013ቱ ምርጫ ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ፣ አዲሱ መንግሥት መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ መሆኑ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ከተሰየሙ ከወራት በኋላ የፓርቲያቸው ጉባኤ መረጣቸው እንጂ ነገሩ በተገላቢጦሽ አልሄደም። በጥር 2017 ዓ.ም. የተካሄደው ሁለተኛው ጉባኤም በፕሬዝዳንትነት አጽንቷቸዋል።

በሁለት ጉባኤዎች መካከል ክፍት ቦታ ሲፈጠር የሚሞላው ማዕከላዊ ኮሚቴው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. አቶ ደመቀ ሲሰናበቱ አቶ ተመስገን ጥሩነህ በዚሁ መንገድ የፓርቲው ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ ወዲያውም ፓርላማው የምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመታቸውን አጸደቀ። ሰው የፓርቲን ደንብ ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ጉባኤው ላይ ያርፋል፤ እኔ ግን በጉባኤዎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚመለከተውን አንቀጽ አስቀድሞ ማየት የሚሻል ይመስለኛል፤ እስካሁን ያየናቸው ታላላቅ ለውጦች በሙሉ የመጡት በዚያ መስኮት ነውና።

ተቃዋሚ ፓርቲዎች ዘንድ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ኢዜማ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲመሠረት መሪና ሊቀመንበር የሚባሉ ሁለት ኃላፊነቶችን ለያይቶ ነው የተነሳው። መሪው ፓርቲው በምርጫ ሲወዳደር ፊት የሚቆመውና ካሸነፈ መንግሥት የሚመራው ሰው ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ አደረጃጀቱን፣ አባላቱንና የውስጥ ሥራውን ይመራል። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ፓርቲው አራት የፓርላማ መቀመጫ ብቻ አገኘ፤ መሪው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ወደ መንግሥት ገቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጉባኤ፣ ምክትል መሪ የነበሩት አቶ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ተወዳደሯቸው። ፕሮፌሰሩ አሸንፈው ቀጠሉ፤ በሊቀመንበርነቱ ግን አቶ የሺዋስ አሰፋን ዶ/ር ጫኔ ከበደ ተኩ። ምርጫ አልፎ፣ ውጤቱና የፓርቲው አካሄድ ተገምግሞ፣ ሁለት የታወቁ ሰዎች በአንድ ጉባኤ ፊት ለአንድ ወንበር የተፎካከሩበት ይህ አጋጣሚ በፖለቲካችን ውስጥ ብዙ አልተደጋገመም። ከዚያ በኋላ ፓርቲው ውስጥ ስለተፈጠረው ልዩነት ማንም የራሱን አስተያየት ሊይዝ ይችላል፤ ፉክክሩ በአደባባይ መካሄዱ ግን በመልካም የሚነሳ ነው።

ምርጫ መሪን በቀጥታ የሚያወርድበት አሠራር ያለው ሌላ ዘንድ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ወግ አጥባቂው ፓርቲ ከባድ ሽንፈት ሲገጥመው መሪው ሪሺ ሱናክ በማግስቱ እንደሚለቁ አስታወቁ። ተተኪው እስኪመረጥ አራት ወር ገደማ በቦታቸው ቆዩ፤ የቀሩት 121 የፓርቲው የፓርላማ አባላት ስድስቱን ተወዳዳሪዎች በተከታታይ ድምፅ ወደ ሁለት አወረዷቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ደግሞ በአገሪቱ ያሉ መዋጮ ከፋይ አባላት መረጡ። ኬሚ ባዴኖክ 53,806 ድምፅ አግኝተው ሮበርት ጄንሪክን አሸነፉ። በዚህ አሠራር የፓርላማ አባላቱ ወንፊት ናቸው፣ ወሳኙ ተራው አባል ነው።

በአሜሪካ ሊቀመንበር የሚባለው ሰው የምርጫ ዕጩ አይደለም። ሥራው ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የየክልሉን ቅርንጫፎች ማስተባበርና የፓርቲውን ጉባኤ ማዘጋጀት ነው። ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. የ2024ቱን ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ ድምፅ ያላቸው 448 የብሔራዊ ኮሚቴው አባላት በፌብሩዋሪ 2025 ተሰብስበው ለረጅም ጊዜ የሚኒሶታን ቅርንጫፍ የመሩትን ኬን ማርቲንን መረጡ። የተሸነፈ ፓርቲ በዚህ መንገድ እውነተኛ ፉክክር ያካሂዳል፤ ዋይት ሐውስን የያዘ ፓርቲ ግን ፕሬዝዳንቱ የፈለገውን ሰው ኮሚቴው እንዲቀበል ማድረግ የተለመደ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲ ነው፤ እዚያም ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ስለሆነ የፓርቲው መሪ መቀየር የአገሩን መሪ ይቀይራል። ፓርቲው በየአምስት ዓመቱ ጉባኤ ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ሲሪል ራማፎሳ 2,440 ለ2,261 በሆነ ድምፅ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማን አሸነፉ። የ179 ድምፅ ልዩነት ነው። ፕሬዝዳንት ጄኮብ ዙማ የመንግሥት ዘመናቸው ሳያልቅ፣ ከሁለት ወር በኋላ በፌብሩዋሪ 2018 ሥልጣን ለቀቁ፤ አገራዊው ምርጫ የተካሄደው በ2019 ነው። የጉባኤው ዓመት ከምርጫው ዓመት ቀድሞ መምጣቱ ፓርቲው አዲስ መሪ ይዞ ወደ ሕዝብ እንዲቀርብ አስችሎታል። የእኛዎቹ ፓርቲዎች ጉባኤያቸውን ከምርጫው አንድ ዓመት አስቀድመው ቢያደርጉ መራጩ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያውቃል የሚል አቋም አለኝ፤ በ2002፣ በ2007 እና በ2013ቱ ምርጫዎች ጉባኤው የተከተለው መራጩ ድምፁን ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር።

ሁለት ቡድኖች ሊቀመንበሩ የእኛ ነው ሲሉ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በኢትዮጵያ ፓርቲዎችን የሚመዘግበው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው፤ የሚመራበትም ሕግ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ፓርቲ መተዳደሪያ ደንቡንና የአመራሮቹን ዝርዝር ለቦርዱ ያቀርባል፣ ጉባኤ ሲጠራም ቦርዱ ታዛቢ እንዲልክ አስቀድሞ ያሳውቃል። ይህ ተራ የወረቀት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የፓርቲ ሕይወትና ሞት ነው። በጥር 2007 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በነበረው ሕግ፣ ቦርዱ በሁለቱ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በአንድነትና በመኢአድ ውስጥ ከተከፋፈሉት ወገኖች አንዱን ብቻ በየፓርቲው ሕጋዊ አመራርነት ሲያውቅ፣ ሌላው ወገን ግንቦት ላይ በተካሄደው ምርጫ በፓርቲው ስም መወዳደር አልቻለም።

የቅርቡ ምሳሌ ህወሓት ነው። ፓርቲው ነሐሴ 2016 ዓ.ም. በልዩ ሁኔታ ከተመዘገበ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ በስድስት ወር ውስጥ እንዲያካሂድ፣ ቀኑንም ከ21 ቀን በፊት ለቦርዱ እንዲያሳውቅ ይጠበቅ ነበር። በዚያው ወር ቦርዱ ባልታዘበውና ምክትል ሊቀመንበሩ አቶ ጌታቸው ረዳ ባልተገኙበት 14ኛ ጉባኤው ዶ/ር ደብረ ጽዮንን በሊቀመንበርነት መረጠ። ቦርዱ ጉባኤውን አላወቀውም፤ ፓርቲውም በልዩ ሁኔታ መመዝገቡን አልተቀበለም፣ የቀድሞ ሕጋዊ ሰውነቱ እንዲመለስለት ነበርና የጠየቀው። ክርክሩ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ምዝገባው እስከ መሰረዝ ደረሰ። ማን ትክክል ነው የሚለውን ወደ ጎን ትተን ስናየው፣ ሊቀመንበር የመሆን ጥያቄ ሁለት ፈራጆች እንዳሉት እንረዳለን፤ አንዱ ድምፅ የሚሰጠው ጉባኤተኛ፣ ሌላው ጉባኤው በሕጉ መሠረት መጠራቱን የሚያጣራው ቦርድ ነው።

የፓርቲ አባል የሆነ የሐዋሳ ነዋሪ የመሪው ምርጫ ላይ እጁን ማስገባት ከፈለገ ትልቁን ጉባኤ መጠበቅ የለበትም፤ እዚያ የሚሄዱት ተወካዮች የሚለዩት ቀደም ብሎ፣ በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው በሚደረጉ ትንንሽ ስብሰባዎች ነው። እነዚያ ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ ሰው አይሞላባቸውም፣ የተወካዮቹም ስም ተዘጋጅቶ መጥቶ በጭብጨባ ያልፋል። ደንቡ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር እንዲሆን የሚያዝ ከሆነ አንድ አባል ተነስቶ ይህ እንዲፈጸም ሊጠይቅ ይችላል። ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ፣ አስቸኳይ ጉባኤ ለመጥራት የስንት አባላት ፊርማ እንደሚበቃ፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ አልጠራም ቢል ጥሪውን በእሱ ፋንታ ማን እንደሚያስተላልፍ በዚያው ደንብ ውስጥ መፈለግ አለበት፤ ከነዚህ አንዱ ያልተጻፈ ከሆነም ለሚቀጥለው ጉባኤ የማሻሻያ ሐሳብ አድርጎ የሚያቀርበው እዚያው የወረዳ ስብሰባ ላይ ነው።